ፋኑ ሲጮህ አፉን አትዝጉት!



መቸም እኛ ጩኸት አንወድም። ሕፃን ሲያለቅስ ምን ሆኖ ነው ከማለታችን በፊት «ዝም አሰኚው!» እንላለን። የታክሲው ሞተር መንኳኳት ሲጀምር ሬዲዮኑን ከፍ የሚያደርግ ሹፌር አይቻለሁ፤ የምሬን ነው! ሬዲዮው ሲጮህ መንኳኳቱ አይሰማማ! ሞተሩ ግን ዘፈን ስለሰማ አልዳነም። የዛሬው ጨዋታችንም ስለ ጩኸት ነው። ደህና ሲሠራ ቆይቶ አንድ ቀን ድንገት እንደ ወፍጮ ቤት ስለሚጮህ ላፕቶፕ እንጫወታለን።

«ይኼ ደግሞ ጉዳይ ሆኖ ጋዜጣ ላይ ይወጣል?» የምትሉ አትጠፉም። ቆይ ታገሡኝ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ እየጻፍኩ በጻፍኩት ልክ የሚከፈለኝ ሰው ነኝ። ጽሑፍ ካልላክሁ የቤት ኪራይ የለም። ታናሽ እህቴ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። በቤታችን ያለው ላፕቶፕ አንድ ነው፤ ቀን የኔ ነው፣ ማታ የሷ። አንዱ ዕቃ ሲታመም ሁለት ሰው ይታመማል ማለት ነው።

እንዲያውም ሁለት ብቻ አይደለም፣ ሦስት ነው። ላፕቶፑን የላከችልን ታላቅ እህታችን ናት። ቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ሰባት ዓመቷ ነው። የአሠሪዎቿ ልጅ አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ሸጠላት፤ ዋጋውም ከደመወዟ እየተቆረጠ የሁለት ወር ልፋቷን በላ። ወደ አገር ቤት የምትመለስ ጓደኛዋ በልብስ ጠቅልላ አመጣችልን። እንግዲህ በየስልኩ ጥሪ ከ«ደህና ናችሁ?» ቀጥሎ የምትጠይቀን «ላፕቶፑስ?» ብላ ነው።

አምና ግንቦት ላይ፣ ታናሿ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስረክብ ሦስት ሳምንት ሲቀራት፣ ላፕቶፑ መጮህ ጀመረ። ያውም የሚያንሾካሹክ ድምፅ አይደለም! ግድግዳው ስስ ስለሆነ አከራያችን እትዬ በማግሥቱ «ሌሊቱን ምን ስትፈጩ አደራችሁ?» ብለው ጠየቁን።

ሁሉም ሐኪም ሆነ

አገራችን ሐኪም መች ይጠፋባታል? እትዬ «ቫይረስ ነው፣ ልጄም ላይ እንዲሁ አድርጎት ነበር» አሉ። የጎረቤት ጎረምሳ «ፋኑን ንቀይው፤ ያለሱም ይሠራል» አለኝ። አንዱ ዘመዳችን ደግሞ የምግብ ዘይት ጠብ እንድናደርግበት መከረ። እኔማ ይኼን ሁሉ ሰምቼ ወደ አንድ የጥገና ሱቅ ወሰድኩት። ልጁ አልከፈተውም፤ ጆሮውን እንኳ አላስጠጋም። አብርቶ፣ ሰምቶ፣ አጠፋው። «እህቴ፣ ማዘርቦርዱ ሄዷል። 14,000 ብር» አለኝ። ማዘርቦርድ ማለት የኮምፒዩተሩ ዋና ሰሌዳ ነው፤ እሱ ከሄደ ላፕቶፑ ሄደ ማለት ነው።

እቤት ስመለስ እናቴ አንድ ነገር ብቻ አለችኝ፦ «ለእህትሽ እንዳትነግሪያት። እዚያ ሆና ምን ታደርጋለች? ትጨነቃለች እንጂ!» የእናት ነገር!

ላፕቶፑን ይዤ የሄድኩት በመጨረሻ ሠፈራችን ወዳሉ አንድ ሽማግሌ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግኑ የኖሩ ናቸው። እንደ ሱቁ ልጅ ዋጋ አልነገሩኝም፤ መነጽራቸውን አድርገው ይጠይቁኝ ጀመር። «መቼ መቼ ነው የሚጮኸው? ስትከፍቺው ወዲያው ነው ወይስ ቆይቶ? ድምፁ የነፋስ ነው ወይስ የብረት? ሲጮህ ይግላል? የሚወጣው አየርስ ብዙ ነው?»

«ጋሼ፣ ይኼን ሁሉ ማወቅ ግድ ነው?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ የሚጮህ ዕቃ የሚናገር ዕቃ ነው። የሚያስፈራው ዝም ብሎ የሚሞተው ነው» አሉኝ።

ወገኖቼ፣ የዛሬው ጽሑፌ ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው። ዝርዝሩን ደግሞ እነሆ።

ፋን ሥራው ምንድን ነው?

ላፕቶፕ ውስጥ ፕሮሰሰር የሚባል እንደ ጥፍር የሳሳ አንጎል አለ። ኤሌክትሪክ እየበላ ያስባል፤ የበላው ኤሌክትሪክ መጨረሻው ሙቀት ነው። ያንን ሙቀት ጠፍጣፋ የመዳብ ቱቦ ተቀብሎ ወደ ላፕቶፑ ጠርዝ ይወስደዋል። እዚያ እንደ መኪና ራዲያተር የተደረደሩ ስስ ስስ ብረቶች አሉ። ፋኑ፣ ማለትም ማራገቢያው፣ ከሥር አየር ይስብና በእነዚያ ብረቶች መካከል ገፍቶ ያስወጣዋል። በላፕቶፑ ጎን ወይም ኋላ እጃችሁን ስታስጠጉ የሚሰማችሁ ሞቃት አየር ያ ነው።

የብዙዎቹ ፕሮሰሰሮች የመጨረሻ ወሰን 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ መሆኑን አስቡ! ወሰኑ ላይ ሲደርስ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ሥራውን ያዘገያል፤ ያም ካልበጀው ኮምፒዩተሩ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ፋኑ የሚጮኸው ከዚህ በፊት ለመድረስ ሲሮጥ ነው። እንግዲህ ጩኸቱ ራሱ በሽታው አይደለም፤ ትኩሳቱን የሚነግራችሁ ነው።

ታዲያ «ፋኑን ንቀይው» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ገባችሁ? እርግጥ ነው ፋን የሌላቸው ላፕቶፖች አሉ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ያወጣው ማክቡክ ኤር ፋን የለውም። እሱ ግን ከመጀመሪያው ያለ ፋን እንዲኖር ታስቦ የተሠራ ነው። ፋን ይዞ የተወለደውን መንቀል ሌላ ነገር ነው። አንዳንዱ ላፕቶፕ እንዲያውም ፋኑ እንደማይዞር ሲያውቅ ገና ሲበራ የስሕተት ማስታወቂያ አውጥቶ «አልሠራም» ይላል። ከብዙ ሰው ይልቅ ለራሱ ያውቃል!

አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ያለች ከተማ ናት። አየራችን ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ተሸክሞ የሚወጣው ሙቀትም ያንሳል። ቤይሩት ደግሞ ባሕር ዳር ናት። የከተማችን ብርድ ቢክሰንም፣ ያው ፋን እዚህ ሲመጣ ለአንድ ዓይነት ሙቀት የበለጠ መሮጥ አለበት። ስለዚህ እዚህ አገር የፋን መንገድ መዘጋት ቶሎ ይታወቃል።

ድምፁን ለዩት

ጋሼ ሦስት ዓይነት ድምፅ እንድለይ አስተማሩኝ።

አንደኛው የነፋስ ድምፅ ነው፤ «ሹሹሹ…» የሚል። ፋኑ ጤነኛ ነው፣ ግን በጣም እየሮጠ ነው። ወይ ሥራ በዝቶበታል፣ ወይ የአየሩ መንገድ ተዘግቷል።

ሁለተኛው የመፋጨት ድምፅ ነው፤ «ግርርር…» የሚል፣ በተለይ ሲነሣ የሚብስ። ይኼ የፋኑ መዞሪያ ማለቁን ያመለክታል። መድኃኒቱ ፋኑን መቀየር ነው። ፋን ብቻ! ማዘርቦርድ አይደለም። የምግብ ዘይትማ ጭራሽ አይሆንም፤ አቧራ ሰብስቦ ጭቃ ይሆንባችኋል።

ሦስተኛው «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» የሚለው ነው። የፋኑን ምላስ አንድ ነገር እየነካው ነው። ሽቦ ሊሆን ይችላል፣ ተሰባብሮ የገባ ነገር ሊሆን ይችላል፣ ላፕቶፑ ወድቆ የተጣመመ ክዳንም ሊሆን ይችላል።

የኛው የመጀመሪያው ዓይነት ነበር፤ ንጹሕ የነፋስ ጩኸት። እዚያ ላይ የሱቁ ልጅ ነገር ማስጠርጠር ጀመረ።

ካቻቢቴ ከማንሣታችሁ በፊት

መጀመሪያ ላፕቶፑ የት ነው የሚቀመጠው? አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ላይ፣ ጋቢ ላይ ከሆነ የሥሩን ቀዳዳዎች ጨርቅ አፈናቸው ማለት ነው። ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አድርጉት። ከኋላ በኩል ሁለት የጠርሙስ ክዳን ብታስገቡለት አየር ያገኛል፤ ወጪውም ዜሮ ነው። ፀሐይ በሚመታው መስኮት ሥርም አታስቀምጡት። ብዙ አምራቾች ላፕቶፕ ከ35 ዲግሪ በላይ በሚሞቅ ቦታ እንዳይሠራ ያስጠነቅቃሉ።

ቀጥሎ፣ ሥራ በዝቶበት እንደሆነ እዩ። ዊንዶውስ ላለው ኮምፒዩተር ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ሦስት ቁልፎች በአንድ ጊዜ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር የሚባለው ሰሌዳ ይከፈታል። እዚያ ላይ «ሲፒዩ» በሚለው ሥር ያለውን ፐርሰንት ተመልከቱ። ምንም ሳትሠሩ 60፣ 70፣ 90 የሚል ከሆነ አንድ የሚበላ አለ። አንዳንዴ ዊንዶውስ ራሱን እያደሰ ወይም ፀረ ቫይረሱ እየፈተሸ ይሆናል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ታገሡት፣ ይጨርሳል። አንዳንዴ ኢንተርኔት ላይ ሠላሳ ገጽ ከፍታችሁ ትታችሁ ይሆናል፤ ዝጉ። አንዳንዴ ደግሞ እትዬ ያሉት ይሆናል። ሳታውቁት ገብቶ በእናንተ መብራት ለሌላ ሰው ዲጂታል ገንዘብ የሚቆፍር ተንኮለኛ ፕሮግራም አለ። ስለዚህ የእትዬን ምክር አልናቅሁትም፣ ፈትሼዋለሁ።

የኛው ስንት አለ መሰላችሁ? 4 ፐርሰንት! ሥራ ፈት ነው፤ ግን ይጮሃል። ጋሼ ከዚያ ከሶፍት አንድ ስስ ቁራጭ ቀደው አየር መውጫው ላይ አስጠጉ። ፋኑ እንዲያ እየጮኸ ሶፍቷ እንደ ነገሩ ነቅነቅ ብቻ አለች። ሳቁ። «አየሽ? ሥራ የለበትም፣ ይሮጣል፣ አየር ግን አይወጣም። ምን ማለት ነው?»

«መንገዱ ተዘግቷል» አልኳቸው።

«14,000 ብርሽን ኪስሽ አድርጊ» አሉኝ።

ድመቷ

ከመክፈታችን በፊት ጋሼ አንድ ነገር አዘዙ፦ የታናሽ እህቴ ጽሑፍ በፍላሽ ይገልበጥ። እናንተም ይኼን አትዝለሉ። ዕቃ ይጠገናል፤ የጠፋ ጽሑፍ ግን ማንም አይጠግነውም። ከዚያ ላፕቶፑ ጠፋ፣ ቻርጀሩ ተነቀለ፣ ክዳኑ ተከፈተ፣ የባትሪው ሽቦ ከቦታው ወጣ። እያንዳንዱ ብሎን ከወጣበት ቦታ ልክ በወረቀት ላይ ተደረደረ። ቁመታቸው ይለያያል፤ ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ብታስገቡ ሰሌዳውን ትበሱታላችሁ።

ፋኑና ራዲያተሩ መካከል ምን ተገኘ? እንደ ጥጥ ፍራሽ የታመቀ ነገር! ጋሼ በወረንጦ ይዘው ሲስቡት አንድ ላይ ተያይዞ ወጣ። ከላይ ያለው የኛው የአዲስ አበባ አቧራ ነው፤ የዕጣንና የቡና ቁላት ጢስ እያጣበቀው ጠቁሯል። ከሥሩ ያለው ግን ሌላ ነው። ነጭ፣ ረጅም፣ ለስላሳ ፀጉር ነው። የሰው ፀጉር አይደለም።

የምን እንደሆነ ያወቅሁት እኔ ነኝ። የእህቴ አሠሪዎች ነጭ ድመት አለቻቸው። ስሟን ሳይቀር አውቀዋለሁ፤ እህቴ በስልክ ስንት ጊዜ አውርታልናለች። የቤይሩት ፀጉር ከሥር፣ የአዲስ አበባ አቧራ ከላይ! እህቴ ለአሮጌ ዕቃ የሁለት ወር ደመወዝ ስትከፍል፣ የድመቷን ፀጉር በምርቃት ጨምረውላት ኖሯል።

ፎቶ አንሥቼ ላክሁላት። እናቴ ተቆጥታኝ ነበር፤ እኔ ግን ከልጅቱ የተደበቀ ነገር እንዲኖር አልፈለግሁም። እህቴ እስኪያስነጥሳት ሳቀች። «ይቺ ድመት እዚህ አልበቃት ብሎ እናንተም ዘንድ መጣች?» አለች። ከዚያ ዝም አለች። ቆይታ «በቀን ሁለት ጊዜ አጎንብሼ የማበጥራት እኮ እኔ ነኝ» አለችኝ።

«ወገብሽን አያምሽም?» አልኳት፣ እንዲያው ለጨዋታ ያህል።

እህቴን ሰባት ዓመት ሙሉ «እንዴት ነሽ?» ስንላት መልሷ አንድ ነው፦ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ያን ቀን ግን ከፋሲካ ጀምሮ ወገቧ እየነዘራት ሌሊት እንደማትተኛ ነገረችኝ። ለካስ እኛ ላፕቶፑ መጮሁን ልንደብቃት ስንማከር፣ እሷ ከእኛ የምትደብቀው ነበራት። በማግሥቱ ለእናቴ ነገርኳት፤ ሁለታችን ደውለን ለመንናት። በቀጣዩ እሑድ ዕረፍቷ ሐኪም ዘንድ ሄደች። እስካሁን ክትትል ላይ ናት፤ ከባድ ዕቃ እንዳታነሣም ታዟል። አሠሪዋ መጀመሪያ ላይ ማጉረምረሟ አልቀረም፣ የሐኪሙን ወረቀት ስታይ ግን ፈቀደች።

ላፕቶፑም ያን ማታ ሲበራ ድምፁ እስኪጠፋብን ዝም አለ። ታናሿ ጽሑፏን በጊዜው አስረከበች፤ ሐምሌ ላይ ጋውን ለበሰች።

እነዚህን አታድርጉ

ላፕቶፕ ሲጸዳ የማየው ስሕተት ብዙ ነው፤ እስቲ ልዘርዝርላችሁ።

ጎሚስታ ወስዳችሁ በጎማ አየር አታስነፉት። የኮምፕሬሰሩ ግፊት ኃይለኛ ነው፤ ከአየሩ ጋርም ውሃና ዘይት ይረጫል። በአፋችሁም «እፍ» አትበሉበት፤ ምራቅ እርጥበት ነው። የቤት መጥረጊያ ማሽንም ውስጡ አታስገቡ፤ የሚፈጥረው ስታቲክ ኤሌክትሪክ ስስ ዕቃዎችን ይገድላል። ለዚሁ ሥራ የሚሸጥ በጣሳ የታሸገ አየር ካገኛችሁ ጥሩ፤ ካላገኛችሁ ደረቅና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። አየር ስትነፉ ፋኑን በስቴኪኒ ያዝ አድርጉት፤ በነፋስ ከልክ በላይ ከዞረ መዞሪያው ይጎዳል።

የላፕቶፑ ሆድ ወይም የመዳፍ ማሳረፊያው አብጦ ካያችሁ ግን ስለ ፋን እርሱት። ያበጠው ባትሪው ነው። አጥፉት፣ ቻርጅ አታድርጉት፣ አትጫኑት፣ አትብሱት። ቀጥታ ወደ ባለሙያ ውሰዱት፤ እሳት ሊነሣ ይችላል።

አጽድታችሁም፣ ሥራ ሳይበዛበትም የሚግል ከሆነ በፕሮሰሰሩና በመዳቡ መካከል ያለው ቴርማል ፔስት የሚሉት ቅባት ደርቆ ይሆናል። ዓመታት ያስቆጠረ ላፕቶፕ ላይ ያጋጥማል። ጠርጎ አዲስ መቀባት ለሚያውቅ ሰው የአንድ ሰዓት ሥራ ቢሆን ነው።

ሱቅ ስትሄዱ ደግሞ አፋችሁን ሞልታችሁ ተናገሩ። «ፊቴ ክፈተው» በሉ። «ምኑ ነው የተበላሸው? አሳየኝ» በሉ። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ተቀበሉ። ሐቀኛ ባለሙያ በዚህ አይቆጣም፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል። ሳይከፍት ዋጋ የሚጠራን ግን «ደህና ዋል» ብላችሁ ውጡ። መክፈት ካልደፈራችሁ አትክፈቱ፤ መጠየቅን ግን ማንም አይከለክላችሁም።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ ላፕቶፓችሁ ዛሬ ማታ ቢጮህ መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ አድርጉት፣ ሰሌዳውን ከፍታችሁ ፐርሰንቱን እዩ፣ በሶፍት አየሩን ለኩ፣ ድምፁን አዳምጡ። ጽሑፋችሁን ገልብጡ። ገንዘብ ማውጣቱ የመጨረሻው ነው። እቤታችሁ ውስጥ ወይም በስልኩ ማዶ ደግሞ ዓመት ሙሉ «ደህና ነኝ» ብቻ የሚል ሰው ካለ፣ እሱንም አንድ ጊዜ ደግማችሁ ጠይቁት። ዝም ያለ ሁሉ ጤነኛ አይደለም።

ሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ፣ ቸር ያሰማን!